ሰማይ ላይ የተሰቀለው ግርግም

አላችሁ? ካላችሁ ላውራ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ መሃል ላይ የሚደጋገም ስላለው ነው ረጅም የሚመስለው።

ቦራ የሚባል ፈረስ ነበር። ቦራ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ጉርሻ ድርቆሽ መብላት።

ድርቆሹስ ነበር። ድርቆሹ የሚቀመጥበት ግርግም ግን ጋጣው ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ያሰቀለው ባለቤቱ አቶ ደመላሽ ነው። ደመላሽ በአገሩ ልማድ በፈረሱ ስም «አባ ቦራ» ይባላል። ስሙን በጣም ይወደዋል፤ ስሙን ያገኘበትን ፈረስ ግን ያን ያህል አይደለም። «ከታች የበላ ፈረስ አንገቱ ይወድቃል፤ ከላይ የበላ አንገቱ ይቆማል» ብሎ፣ ቦራ በጉግሱ በዓል ቀን ቀጥ ያለ አንገት ይዞ እንዲወጣለት ግርግሙን ከጣሪያው ጋር አስቸነከረው።

ቦራ ሽቅብ ተንጠራርቶ ሲመዝ ግማሹ ድርቆሽ እግሩ ሥር ወድቆ ከፋንድያው ጋር ይቦካል። አቧራው ዓይኑ ውስጥ፣ ብናኙ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ቦራን ሳል ያዘው። ዓይኑ አበጠ። በመጨረሻም መብላቱን ተወ።

«እኔ ቀጭኔ ነኝ እንዴ?» አለ አስነጥሶ።

ይህን የሰማችው የደመላሽ ሚስት አሰገደች ናት። ቦራን ገና ውርንጭላ ሳለ፣ ስትዳር አባቷ ናቸው የሰጧት። ጎኑን ብትዳብሰው የጎድን አጥንቱ ከእጇ ገባ። «እንዲህ ከሰነበተማ ይሞትብኛል» አለችና ወደ ላይ ቀና አለች።

«ግርግሜ፣ እባክህ ውረድለት። ቦራ አልበላ አለ።»

«አልወርድም» አለ ግርግሙ። «ብወርድ ዶሮ ትታቀፍብኛለች። ደግሞስ በራሴ ነው እንዴ የተሰቀልኩት? የያዘኝን ምስማር ጠይቂው።»

አሰገደች ወደ ምስማሩ ዞረች። «ምስማር፣ ግርግሙን ልቀቀው። ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ።»

«አልለቅም» አለ ምስማሩ። «ስገባ ጭንቅላቴን እየቀጠቀጡ አስገቡኝ። አሁን ደግሞ በገዛ እግርህ ውጣ ትይኛለሽ? ጉጠቱ መጥቶ ይንቀለኝ።»

አሰገደች ወደ ጉጠቱ ሄደች። «ጉጠት፣ ምስማሩን ንቀለው። ምስማሩ አልለቅም አለ፤ ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ።»

«አልነቅልም» አለ ጉጠቱ። «እኔ አፍ እንጂ እጅ የለኝም። አናጢው ቢሻው ካልጨበጠኝ ምን አባቴ ላድርግ?» ይህኛው ትንሽ እውነት ነበረው ማለት ይቻላል።

አሰገደች አናጢው ቢሻው ቤት ሄደች። ቢሻው ጥላ ሥር ጋደም ብሏል። «ቢሻው፣ ተነስና ጉጠቱን ጨብጥልኝ። ጉጠቱ አልነቅልም አለ፤ ምስማሩ አልለቅም አለ፤ ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ።»

«አልነሳም፣ እትዬ» አለ ቢሻው እንደተጋደመ። «‹ከፍ አድርገህ ስቀል› አሉኝ፤ ሰቀልኩ። ፈረሱ ይድረስበት አይድረስበት የጠየቀኝ አለ? ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።»

«ሳይጠይቁህስ አትናገርም ነበር?»

«ሳልጠየቅ የተናገርኩበት ቤት ሁለተኛ ጠርቶኝ አያውቅም። አባ ቦራ ይዘዙኝና እነሳለሁ።»

አሰገደች ወደ ባሏ ተመለሰች። ደመላሽ ለበዓሉ የሚለብሰውን ካባ ያራግፋል። «አንተ አባ ቦራ፣ ቢሻውን እዘዝልኝ። ቢሻው አልነሳም አለ፤ ጉጠቱ አልነቅልም አለ፤ ምስማሩ አልለቅም አለ፤ ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ።»

«አላዝም» አለ ደመላሽ። «በበዓሉ የማን ፈረስ አንገት እንዳማረ የሚፈርዱት ባላምባራስ ወንድይራድ መሆናቸው ጠፍቶሽ ነው? እሳቸው የሚወዱት የቆመ አንገት ነው። ላዋርደው?»

«ቆሞ እየሞተልህ ነው እኮ!»

«ይቁም እንጂ!»

«ቦራ ከሞተ ደግሞ ማን ይሉሃል? አባ ማን?»

ደመላሽ ካባውን በኃይል አራገፈ። «ባላምባራስ ይፍቀዱ፤ እኔም አዛለሁ» አለ።

አሰገደች ባላምባራስ ወንድይራድ ዘንድ ሄዳ እጅ ነሳች። «ባላምባራስ፣ ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። ባሌ አላዝም አለ፤ ቢሻው አልነሳም አለ፤ ጉጠቱ አልነቅልም አለ፤ ምስማሩ አልለቅም አለ፤ ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ።»

«አልፈቅድም!» አሉ ባላምባራስ። «ስንት ዘመን ሙሉ ‹አንገቱ የቆመ ይምጣልኝ› እያልኩ ፈርጄ፣ ዛሬ ተሳስቼ ነበር ልበል?»

«አቧራው ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጨፍኖ ይብላ! ጨዋ የሆነ፣ ሰውም ይሁን ፈረስ፣ ቀና ብሎ ነው የሚበላው።»

አሰገደች አንገቷን ደፍታ ወጣች። ጓዳው በር ላይ የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ የውብዳር ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«እሜቴ፣ ምን ያልሆንኩት አለ! ባላምባራስ አልፈቅድም አሉ፤ ባሌ አላዝም አለ፤ ቢሻው አልነሳም አለ፤ ጉጠቱ አልነቅልም አለ፤ ምስማሩ አልለቅም አለ፤ ግርግሙ አልወርድም አለ፤ ቦራ አልበላ አለ። እርስዎም እምቢ ካሉኝ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።»

ወይዘሮ የውብዳር ቀና ብለው የቤቱን አግዳሚ እንጨት አዩ። «እኔ እንኳ እሺ ነው የምልሽ» አሉ። «ጠንካራ ገመድ ታገኚልኛለሽ?»

ባላምባራስ ለምሳ ሲመጡ መሶቡ በቦታው የለም። ቀና ቢሉ ከአግዳሚው እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳዎ ነው» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

«ምን ሊያደርግ ወጣ?»

«አንገትዎ እንዲቆም ነዋ። በጉግሱ ቀን አገር ሁሉ የሚያየው እርስዎን አይደል?»

ባላምባራስ «አውርጂው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አሰገደች ግን በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ቀና ብሎ ነው የሚበላው» ብለው ከተናገሩ ገና ምሳ እንኳ አላለፈም። ስለዚህ በእግራቸው ጣት ቆሙ፤ ተንጠራሩ፤ የእንጀራውን ጫፍ ያዙና መዘዙ። እንጀራው ሲመጣ ወጡም አብሮ መጣ። ግማሹ ጢማቸው ላይ፣ ግማሹ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በርበሬው ደግሞ ገና የተፈጨ፣ የሚያቃጥል በርበሬ ነው።

«ዓይኔን! ኧረ ዓይኔን!»

«ይጨፍኑ፣ ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ጨፍነው ይብሉ።»

ባላምባራስ ተቆጡ። የሚሰማ ጠፋ። ኮሩና ጾማቸውን ዋሉ። እራቱም እዚያው ተሰቀለ። በማግስቱ ቁርሱም ሲሰቀል ሆዳቸው ከኩራታቸው በልጦ ጮኸ።

«አውርጂው!»

«የቦራስ ግርግም?»

«እሱንም አውርዱት! የተሰቀለ ነገር ሁሉ ይውረድ!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይፈታ ጀመር። ባላምባራስ ፈቀዱ፤ ደመላሽ አዘዘ፤ ቢሻው ተነሳ፤ ጉጠቱ ነከሰ፤ ምስማሩ ለቀቀ፤ ግርግሙ ወረደ፤ ቦራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በላ። አንድ ጉርሻ። ከዚያ ሌላ ጉርሻ። ከዚያማ ማን ይቆጥራል።

ቢሻው ጠያቂ ስላገኘ ሥራውን በደንብ ሠራው። ግርግሙን ከቦራ ደረት ዝቅ፣ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ አቆመው። ድርቆሹ ጭቃ እንዳይነካ ወለል አበጀለት፤ ሰኮናው እንዳይሰነቀር የግርግሙን የጎን ዘንጎች አቀራረባቸው። «እንዲህ እንደሚሻል ድሮም አውቀው ነበር» አለ።

የጉግሱ ቀን ባላምባራስ ወንድይራድ ዓይናቸው እንደቀላ ሜዳው መሃል ቆሙ። «እኔ ከጥንት ጀምሮ የምለው ነው!» አሉ። «ጨዋ ፈረስ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል!»

«እውነት ነው! ድሮም ይሉ ነበር!» አለ ሕዝቡ፤ የፈረሱን አንገት ሽቅብ በልጓም ወጥሮ የመጣውም ሁሉ ልጓሙን ላላ አደረገ።

ደመላሽ ከበዓሉ ሲመለስ ካባውን እንኳ ሳያወልቅ አካፋ አንስቶ ጋጣው ውስጥ ይቆፍር ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው አሰገደች።

«ግርግሙን ጉድጓድ ውስጥ ላወርደው ነው» አለ እያላበው። «የቦራ አንገት ከሁሉም በላይ ዝቅ እንዲል!»

አሰገደች የጉድጓዱን አፍ ዞር ዞር ብላ አየችው። «በርታ» አለችው። «ሲያልቅ ምሳህን እዚያ ውስጥ ነው የማቀርብልህ።»

ደመላሽ መቆፈሩን ተወ። ከዚያ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አፈሩን በእግሩ ይመልስ ጀመር። ቦራ ዞር ብሎም አላየው፤ እየበላ ነበር።

የእኔ ይኸው ነው፤ ፍርፋሪ ከተረፈ ለቦራ።