ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌርና የእናቴ አንቀልባ

ተረት ነው ብዬ ብጀምርላችሁ ደስ ባለኝ። ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው፤ እስካሁንም ክው እንዳልኩ ነኝ።

የፈለግሁት አንድ ትንሽ ነገር ነበር። የልጄ ሰማንያ ቀን እሁድ ይሞላል፤ ክርስትና ትነሳለች። እኛ ቤት ልጅ ለክርስትና የሚሄደው በእናቴ አንቀልባ ታዝሎ ነው። እኔም እህቶቼም በሱ ነው የሄድነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመሞቷ በፊት አንቀልባውን ለከተማችን ትንሽ ሙዚየም ሰጠችው። "አይጥ ከሚበላው ሰው ይየው፤ ልጅ ስትወልዱ ግን ትዋሱታላችሁ" አለች። እነሱም እሺ ብለው ተቀበሏት። ልጄን ሳታያት ሞተች። እሷ ባታዝላት አንቀልባዋ ይዘላት ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ልጄን በነጠላ አዝዬ ሄድኩ። አንቀልባው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛጎሉ ያበራል። ጥበቃው ጋሽ ይመኑ ቁልፉን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

"ጋሽ ይመኑ፣ የእናቴን አንቀልባ ለእሁድ ልዋስ።"

"እንኳን ማርያም ማረችሽ! ግን ቁልፉ አይዞርም።"

"ምነው?"

"አዲስ ደንብ ወጥቷል። ፎቶውና የገባበት ቀን ድረ ገጽ ላይ ሳይወጣ ምንም ቅርስ ከበር አይወጣም። ባለፈው አንድ ጋሻ ለሠርግ ነው ተብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ።"

"ድረ ገጽ ደግሞ ምንድን ነው?"

"በስልክ የሚታይ የሙዚየም ደጅ ነው በይው።"

ክው አልኩ። እንግዲህ ቁልፉ መስታወት አልከፍትም አለ፣ መስታወቱ አንቀልባ አልሰጥም አለ፣ አንቀልባውም ልጄን አላዝልም አለ።

መዝገብ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ እናቴን ያውቋታል።

"እትዬ፣ ድረ ገጹን ይክፈቱልኝና ልሂድ።"

"የቱን ድረ ገጽ ልጄ? ገና አልተሠራም እኮ!"

"ያልተሠራ ነገር ላይ ሳይወጣ ነው አይወጣም የምባለው?"

"ምን ላድርግ? ሶፍትዌር አልተመረጠለትም። ድረ ገጹ ቤት ነው ብትይ ሶፍትዌሩ አናጢው ነው። ያለ አናጢ ቤት አይቆምም።"

በጣቴ እየቆጠርኩ ደረደርኩት። ሶፍትዌሩ ድረ ገጽ አልሠራም አለ፣ ድረ ገጹ ቁልፍ አላዞርም አለ፣ ቁልፉ መስታወት አልከፍትም አለ፣ መስታወቱ አንቀልባ አልሰጥም አለ፣ አንቀልባውም ልጄን አላዝልም አለ።

"ታዲያ አንዱን ምረጡዋ!"

"ነይ እስቲ እዪው" አሉና ኮምፒውተሩን አዞሩልኝ። ሦስት ሶፍትዌር ለሙከራ ቀርቧል። በመጀመሪያው የእናቴን ስም ጻፉ። ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። ፊደላችንን አያውቅም። እናቴ ሁለተኛ የሞተች መሰለኝ።

ሁለተኛው ያምራል። ፊደሉን ያውቃል፣ ሥዕሉ ይሽከረከራል። እትዬ አስካለ አንቀልባው የገባበትን ቀን ጻፉ፦ ጳጉሜ ሦስት። ወዲያው ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

"ምን አለ?"

"እንዲህ የሚባል ወር የለም አለ።"

"በስመ አብ! እኔ የተወለድኩት በጳጉሜ ነው። እኔስ የለሁም?"

የኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ፈለቀ ይሄን ሰምተው ገቡ። "መስከረም አንድ በይውና ይለፍ። ማን ያየዋል? ሥዕሉ እኮ ይሽከረከራል!"

"እኔ አየዋለሁ!" አሉ እትዬ አስካለ። "ሰጪዋ ሞታለች፤ የሰጠችበትን ቀን ደግሞ እኔ አልገድልም!"

"ሦስተኛውስ?" አልኩ።

"እሱን ባለሙያ ሳትሞክረው ኮሚቴው አይመርጥም" አሉ መምህር። "የኮምፒውተር ባለሙያዋ ረድኤት ደግሞ ወልዳ ቤት ናት።"

ጉድ በሉ! ባለሙያዋ ቤት ቀረች፣ ኮሚቴው ሶፍትዌር አልመርጥም አለ፣ ሶፍትዌሩ ድረ ገጽ አልሠራም አለ፣ ድረ ገጹ ቁልፍ አላዞርም አለ፣ ቁልፉ መስታወት አልከፍትም አለ፣ መስታወቱ አንቀልባ አልሰጥም አለ፣ አንቀልባውም ልጄን አላዝልም አለ።

የረድኤት ቤት ከሙዚየሙ ጀርባ ነው። ሳልደርስ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። በሩን ስትከፍትልኝ ፀጉሯ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ቆሟል።

"እህቴ፣ እባክሽ ነይና ሶፍትዌሩን ሞክሪልኝ። እሁድ ደረሰብኝ።"

"እንዴት ልምጣ? ይሄ ልጅ አዝዬው ስዞር ይተኛል፤ ቁጭ ስል ይነቃል። እየዞረ ኮምፒውተር የሚሠራ አይተሻል?"

"ሞግዚት የለሽም?"

"መጥታ ነበር። አንድ ቀን አዝላው ውላ ወገቤን ብላ ሄደች። ይኸውልሽ፣ ጀርባ ካላገኘ ዝም አይልም።"

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሕፃኑ ያለ ጀርባ ዝም አልልም አለ፣ ባለሙያዋ ልጁ ዝም ሳይል አልመጣም አለች፣ ኮሚቴው ያለ ባለሙያ ሶፍትዌር አልመርጥም አለ፣ ሶፍትዌሩ ድረ ገጽ አልሠራም አለ፣ ድረ ገጹ ቁልፍ አላዞርም አለ፣ ቁልፉ መስታወት አልከፍትም አለ፣ መስታወቱ አንቀልባ አልሰጥም አለ፣ አንቀልባውም ልጄን አላዝልም አለ። ይሄ ሁሉ ጉድ ታዲያ መጨረሻው አንድ ጀርባ ነው?

ብድግ አልኩ። "ጀርባ ነው የጠፋው? ጀርባማ አለኝ!"

"አንቺ የራስሽን አዝለሽ የለም እንዴ?"

"የኔን ከፊት፣ ያንቺን ከኋላ። አምጪው!"

ልጄን ወደ ደረቴ አዞርኳት፣ ልጇን ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ሙዚየሙ ውስጥ መዞር ጀመርኩ። ከበሮውን አልፋለሁ፣ ኮርቻውን አልፋለሁ፣ የእናቴን አንቀልባ አልፋለሁ፤ እንደገና ከበሮው። ትንሽ ቆም ስል ከኋላዬ "እኝ" ይላል፤ እሮጣለሁ።

"ሴትዮ፣ ታዞሪኛለሽ!" አሉ ጋሽ ይመኑ።

ረድኤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሦስተኛው ሶፍትዌር መልኩ ደብዛዛ ነው፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። የእናቴን ስም ጻፈችበት። ፊደሉ አንድ በአንድ ቆመ። ጳጉሜ ሦስት ብላ ጻፈች።

"ተቀበለ!" ብላ ጮኸች።

"ሥዕሉ ግን አይሽከረከርም እኮ" አሉ መምህር ፈለቀ።

"እርስዎ ይሽከርከሩ መምህር!" አሉ እትዬ አስካለ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመው! ሕፃኑ ዝም አለ፣ ባለሙያዋ ሞከረች፣ ኮሚቴው መረጠ፣ ሶፍትዌሩ ድረ ገጹን ሠራ፣ ድረ ገጹ ፎቶ አምጡ አለ፣ ቁልፉ ዞረ፣ መስታወቱ ተከፈተ፣ አንቀልባው ወጣ።

"ባዶውን ማን ያየዋል?" አለች ረድኤት፤ ልጇን ተቀበለችኝና ስልኳን አወጣች። "ልጅሽን እዘያትና ዙሪ።"

አዘልኳት። ቆዳው እንደ እናቴ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ፎቶው ቀጭ ሲል ወገቤ ላይ ሙቅ ነገር ወረደ።

"ቅርሱን!" ጋሽ ይመኑ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ኧረ ቅርሱን ሸናችበት!"

አለቀ፣ ተመልሶ መስታወት ሊገባ ነው አልኩ።

እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው አዩት። "ያንቺም ሽንት እዚሁ ላይ ነበር" አሉ። "በሉ ጋሽ ይመኑ፣ ፎቶውም ወጥቷል፤ በሩን ይልቀቁላት።"

እሁድ ልጄ በእናቴ አንቀልባ ታዝላ ክርስትና ተነሳች። ድረ ገጹን በስልክ ብትከፍቱት መጀመሪያ የሚወጣው የኔ ጀርባ ነው፤ እርጥቡም አልቀረም፣ ከሥሩ የእናቴ ስምና ጳጉሜ ሦስት ተጽፏል። አገር ሁሉ ጀርባዬን አየው፤ ባየሁት ቁጥር እደነግጣለሁ።

እኔ አንቀልባውን ጠርጌ፣ ጥላ ሥር አድርቄ ሰኞ መልሻለሁ። እናንተም ተረቴን መልሱ።