ጋን የገባው የዘር ገብስ

ተረት ልነግራችሁ ነው።

«ንገሪን!»

ከመሃል ተነስቶ የሚሄድ ካለ አሁኑኑ ይሂድ።

«ተቀምጠናል!»

እንግዲያው ስሙ። መጀመሪያው ላይ ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ፣ አልከለክልም። መጨረሻው ላይ ግን ሳቃችሁን አልፈልገውም።

ድሮ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እንስሳውም ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ በሚያወራበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ደብሪቱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ከቤቷ በታች አንዲት ማሳ አለቻት። በረት ውስጥ አንዲት እናት በግ አለቻት። ጎታዋ ውስጥ ጤፍና ጥቂት ገብስ አለ፤ ይህ ቀለቧ ነው። ምሰሶው ላይ ደግሞ አንድ አቁማዳ ገብስ ተሰቅሏል፤ ይህ ዘሯ ነው። ሰኔ ሲገባ ማሳው ላይ ተዘርቶ ለከርሞ የሚያኖራት እሱ ነው። ከዚህ ሌላ በዚህ ዓለም ምንም የላትም።

ደብሪቱ ከወንዝ ማዶ ላለ ጎበዝ ታጨች። ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። አንጓች ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ጨነቃት። ድግስ ነዋ!

እህል የምትለካበትን ቁና አነሳችና ጠየቀችው።

«አንተ ቁና፣ ለልጄ ሠርግ ምን ያህል ይበቃል?»

ቁና ቶሎ የሚመልስ አይደለም። አሰበ፣ አሰበና፣ «የማዶ ሰዎች ምን ያህል ይመጣሉ?» አላት።

«የዳሱን ግማሽ ይሞላሉ።»

«ጎረቤትስ?»

«የቀረውን ግማሽ።»

«እንግዲያው አትጨነቂ፣ እመቤቴ። ከጤፉ ግማሹን ለእንጀራ አውጪ፤ ግማሹ ለክረምት ይቅር። ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ዶሮ ይሠራ፤ ለሌላው ሰው የምስር ወጥ ይበቃዋል። ከጎታው ገብስ ትንሿን ጋን ጥመቂ። የቀረውን ጠላ ጎረቤት በእንስራ እያዘለ ያመጣል፤ ያገራችን ወግ ነው። በጓን አትንኪ። ዘሩን አትንኪ።»

አንጓች ልቧ አረፈ። ቁናን ሳም አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ይህን ሁሉ አንድ ቁራ አጥር ላይ ሆኖ ሰማ። አልወደደውም። «ድግሱ ልኩን ከሆነ ትርፍ የለም፤ ትርፍ ከሌለ እኔ ምን ልበላ ነው?» አለና በሆዱ መከረ። የቁራ ምክር ሁሌም በሆዱ ነው።

በማግስቱ መጣ።

«ቋ! እመት አንጓች፣ ግማሽ ጤፍ ነው አሉ የምታወጪው?»

«አዎ፣ ይበቃል ተብያለሁ።»

«እኔ ምን አገባኝ። የማዶ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው እንጀራው ቢያልቅ ግን ምን ይሉሻል? ቋ!»

አንጓች ቀኑን ሙሉ «ምን ይሉኛል? ምን ይሉኛል?» ስትል ዋለች። ሲመሽ ጤፉን በሙሉ ለድግስ አወጣችው።

ቁና፣ «እመቤቴ፣ የክረምት ቀለብሽን!» አላት።

«ዝም በል፣ ክረምት ሩቅ ነው» አለችው።

ቁራ ሁለተኛ መጣ።

«ቋ! እመት አንጓች፣ የምስር ወጥ ነው አሉ? ባሏ ቢኖር ኖሮ ይታረድ ነበር፣ አባት የሌላት ልጅ እንዲህ ናት ቢሉስ? ቋ!»

ይቺ ነገር አንጓችን አንጀቷን አገኘቻት። ወደ በረት ሄዳ በጓ አጠገብ ተቀመጠች። በጓ ገባት።

«እመቤቴ፣ የኔ ሥጋ ላንድ ቀን ነው፤ ግልገሎቼ ግን በየዓመቱ ናቸው» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ካወቅሽ?»

አንጓች የበጓን አንገት አቅፋ አለቀሰች። በጓም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሣር እንቢ አለች፤ እስክትታረድም አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

በዚህ መሃል ጎረቤቷ አስካል መጣች።

«አንጓችዬ፣ እኛ ሴቶቹ ተነጋግረናል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንስራ ጠላ ይዘን እንመጣለን። አንቺ ስለ ጠላው አታስቢ።»

ቁና ግድግዳው ላይ ሆኖ ደስ አለው። አንጓች ግን የቁራው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«የለም፣ አስካል። ልጇን በጎረቤት ጠላ ዳረች እባላለሁ። እንዳታመጡ! የራሴን እጠምቃለሁ።»

አስካል ቅር አላት፤ ግን ምን ትበል? ሄደች።

ቁራ ሦስተኛ መጣ። ብዙም አልለፋ።

«ቋ! ትንሿን ጋን ነው አሉ?» ብሎ ብቻ በረረ።

ጓዳ ጥግ የቆመው ትልቁ ጋን ይህን ሰምቶ አጉረመረመ። «እኔን የሚያህል ጋን ተቀምጦ በዚያች በትንሿ ልትድሪ? አያትሽ የተዳረችው በኔ ነው፣ እናትሽ የተዳረችው በኔ ነው። ሙይኝ!»

«የጎታው ገብስ በሙሉ ቢገባ አይሞላህማ።»

«ምሰሶው ላይ የተሰቀለውስ?»

አንጓች ቀና ብላ አቁማዳውን አየችው። «ለሰኔ እግዜር ያውቃል» አለች። ተንጠራርታም አወረደችው።

«እናቴ፣ ወዴት እየወሰድሽኝ ነው?» አለ የዘር ገብሱ።

ለብቅል ልታበቅለው ዕቃ ውስጥ ገልብጣ ውሃ አፈሰሰችበት።

«ዝናብ! ዝናብ መጣ! ሰኔ ገብቷል ማለት ነው!» አለ ዘሩ።

ውሃውን አጠንፍፋ በቅጠል ሸፈነችው።

«አፈሩ ለበሰኝ! ሞቀኝ! ማሳችን እንዴት ደግ ነው!»

ጥቂት ቀን አልፎ ቅጠሉን ገለጥ ብታደርገው ነጭ ነጭ ሥር አውጥቷል፤ ደስታው ልክ የለውም።

«በቀልኩ! እናቴ፣ በቀልኩልሽ!»

አንጓች ጆሮዋን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ቁናም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የድንጋይ ልብ ካልሆነ በቀር ይህን ሰምቶ ማን ይችላል?

ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። «አፈሬ የት ሄደ? ጠማኝ፣ እናቴ» አለ። በማግስቱ ድምፁ ቀጠነ። በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ብቅል ሆነ፣ ተፈጨ፣ ከጎታው ገብስና ከጌሾ ጋር ተጠመቀ። ትልቁ ጋን እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞላ፤ አፉንም በጭቃ መርገው ዳሱ ጥግ አቆሙት። እንዴት ደረቱን እንደነፋ ብታዩት!

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞላ። ይኸውላችሁ፣ አስካል በደጅ ብቅ አለች፤ እንስራ አዝላለች። ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ኋላ ሌላዋ፣ ሁሉም እንስራቸውን አዝለው መጡ።

«አታምጡ አላልኳችሁም?» አለች አንጓች።

«እንዴ! ባዶ እጇን ሠርግ ገባች ብባልስ?» አለች አስካል። ሌሎቹም እንደዚያው አሉ። የማዶ ሰዎችም ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለው በበቅሎ ጭነው መጡ።

አንጓች ምን ታድርግ? የሰው አስቀምጣ የራሷን ብትቀዳ፣ ጠላችንን ናቀች ይሏታል። እንግዳ ያመጣው ይቅደም ብላ ከእንስራዎቹ አስቀዳች። ሰዉ ጠጣ፣ ጠገበ፣ ጨፈረ። የማዶ ሰዎችም ልጅቱን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ትልቁ ጋን ጭቃው እንኳን ሳይነሳ ቀረ።

የተረፈው እንጀራ ሻገተ። ሥጋውም ተበላሸ። ቁራ መብረር እስኪያቅተው ድረስ በልቶ በልቶ አጥሩ ሥር ተኛ። ጎረቤቱም ለሰሞኑ ጠላ አታሳዩን አለ። ጋኑ ሲከፈት ጠላው ሆምጥጦ ተገኘ። አንጓች ግን ልትደፋው አልሆነላትም፤ ጓዳ አስገብታ መልሳ ከደነችው።

ሰኔ መጣ። ዝናቡ የእውነት መጣ። ሰው ሁሉ ዘሩን ይዞ ወጣ። አስካል በአንጓች ደጅ ስታልፍ ቆም አለች።

«አንጓችዬ፣ ማሳሽ እስካሁን ምነው? ዘር አጥሮሽ እንደሆነ ከኔ ውሰጂ።»

ቁና ከግድግዳው ላይ፣ «ንገሪያት! እመቤቴ፣ ዛሬ እንኳን ንገሪያት!» አለ።

አንጓች አፏን ከፈተች። እንዲያ ያለ ድግስ ደግሳ ዘር ለመነች ይሉኛል ብላ መልሳ ዘጋችው።

«አላጠረኝም። ነገ እዘራለሁ» አለች።

ማግስቱን የሚዘራ አልነበራትም። የሆመጠጠውን ጠላ በእንስራ እየቀዳች ወደ ማሳዋ ወሰደችና አፈሰሰችው።

መሬቱ ጠየቃት። «እመት አንጓች፣ ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?»

«ዘሩ ነው።»

መሬቱ አሸተተው። «አዎ፣ የኔ ልጅ ነው፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ግን ምኑን ልያዘው? ምኑን ላብቅለው?» አለና አለቀሰ። ያን ዓመት ከጎኑ ያለው ማሳ ሁሉ ሲለመልም፣ የአንጓች ማሳ ባዶውን ቀረ።

በነሐሴ ደብሪቱ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሃል የናቷን ማሳ ጥቁር ሆኖ አየችው። ቤት ብትገባ ጎታው ባዶ፣ በረቱ ባዶ፣ ምሰሶው ባዶ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ያኔ አንጓች ሁሉንም ነገረቻት። ደብሪቱ እየሰማች እንባዋ ወረደ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ተከናንቤ ነበር የተቀመጥኩት። ከእንጀራሽም ከሥጋሽም አልቀመስኩም። ጠላሽንም ማንም አልጠጣውም። ለማን ነው የደገስሽው?»

አንጓች ቁናን ከግድግዳው አውርዳ አቀፈችው። ቁራ አጥሩ ላይ አልነበረም፤ ሌላ አገር ሠርግ አለ ሲሉት ሄዷል።

ማሳው ለሌላ አራሽ ተሰጠ። አንጓች ቤቷን ዘጋች፤ ቁናዋን በብብቷ ይዛ ልጇን ተከትላ ወንዙን ተሻገረች። በልጇ አማቶች ቤት የሰው እህል እየለቀመች ኖረች። አልከፉባትም፤ ያበሏታል፣ ያጠጧታል። ለብቅል ብለው ገብስ በዘፈዘፉ ቁጥር ግን ጆሮዋን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እሷን ግን ይላታል፦ «እናቴ፣ በቀልኩልሽ።»

ይኸው ነው። ልጅ የምትድሩ ሁሉ፣ ድግሳችሁን ቁና ይለካው፤ «ምን ይሉኛል» አይለካው። ጎረቤት አመጣለሁ ሲላችሁ አምጣ በሉት። ቸግሯችሁ ሲጠይቃችሁም አዎ ቸግሮኛል በሉት፤ አፍ የተሰጠን ለዚያ ነው።

አሁን ተነሱ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። መንገድ ላይ አጥር ላይ የተቀመጠ ቁራ ካያችሁ እሽ በሉልኝ።