የማንጠግቦሽ በራሪ ጨርቅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ድሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ። ከአንድ ጥልቅ ገደል ወዲህና ወዲያ ሁለት መንደሮች ነበሩ። የወዲህኛው አፋፍ፣ የወዲያኛው ዋሻ በር ይባላል። ከሥር ወንዝ አለ። በወንዙ ላይ የሐረግ ድልድይ አለ።

በአፋፍ ማንጠግቦሽ የምትባል መበለት ትኖር ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ሰውን አንዴ ካየች ልኩን በከሰል ቆዳ ላይ ትነድፋለች፤ በዚያ ልክ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ልጅ አልነበራትም። የሁለቱ መንደር ሕፃናት ግን ክርስትና የሚነሡት እሷ በሰፋችው ቀሚስ ነበር።

አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ድልድዩን ወሰደው። በዚያው ሰሞን መብረቅ የዋሻ በርን ጎተራዎች አቃጠለ። የአፋፍ ሰዎች እህል አላቸው፤ መሻገሪያ የላቸውም። አንድ ጎበዝ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ልዋኝ ብሎ ገባ፤ ወንዙ በላው። ከዚያ ወዲያ የደፈረ የለም። ጠዋት ጠዋት የሕፃናት ለቅሶ ከማዶ ይሰማል። ማንጠግቦሽ ያንን እየሰማች እህል አልወርድ አላት።

ታዲያ አንድ ቀን ያጠበችውን ሻሽ ልታሰጣ ስትል ነፋስ ነጠቃትና ገደሉን አሻግሮ ማዶ ጣለው። ቆማ አየችው። ጎረቤቷን ሸማኔውን ጎሹን ጠርታ፣ ነፋስ ጨርቅ ካሻገረ ክርም እንደሚያሻግር፣ በክር ደግሞ ገመድ እንደሚሳብ ነገረችው። ጎሹም ጠንካራ ፈትል አከረረላት።

መጀመሪያ ጋቢዋን ቆርጣ በመቃ ላይ ወጥራ ሰፋች። ክሩን አስራ ከአፋፉ ብትለቀው ከበደ፤ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሰው ሳቀ። ማንጠግቦሽም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ገባች።

ቀጥላ ነጠላዋን ቆረጠች። ተነሣ፣ ወጣ፣ እንደ ሰከረ ሰው ዞረ፣ ገደሉ ላይ ተላትሞ ተተረተረ። አሁን የሳቀ የለም። ማንጠግቦሽ አለቀሰች፤ ቤቷ ገባች።

ለሦስተኛው ከሳጥኗ ነጭ አቡጀዲ አወጣች። ጎሹ አይቶ ደነገጠ።

«እማማ፣ ይሄ መግነዣዎ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለችው። «እኔ ስሞት አይበርደኝም። እነሱ ግን ዛሬ ርቧቸዋል። ወጠር አድርገህ ያዝልኝ፣ ልቁረጠው።»

ትከሻውን ሰፊ፣ ታቹን ጠባብ አድርጋ ነደፈችው። ጠርዙን ደርባ ሰፋች። እንዳይዞር መቀነቷን ፈትታ ጅራት ቀጠለችለት። ከአፋፉ ለቀቁት። ወጣ። ወንዙን አለፈ። ገደሉን አለፈ። ዋሻ በር አንድ ዛፍ ላይ አረፈ። የማዶ ሰዎች ክሩን ይዘው ሳቡ። በክሩ ሲባጎ ሄደ፣ በሲባጎው መጫኛ ሄደ፣ በመጫኛው ላይ እህል በስልቻ በስልቻ ተሻገረ። በማግስቱ ከማዶ ለቅሶ አልተሰማም። ማንጠግቦሽም እህል ቀመሰች።

ዘመን አለፈ፤ ድልድዩም ዳግመኛ ተሠራ፤ ማንጠግቦሽ አረጀችና ሞተች። መግነዣ አልነበራትም። አፋፍ ግማሽ ጨርቅ አመጣ። ዋሻ በርም ግማሹን ይዞ በአዲሱ ድልድይ ተሻገረ። ጎሹ ሁለቱን ገጥሞ መሐሉን ሰፋው።

ከዚያ ወዲህ በነዚያ መንደሮች ሰው ሲሞት አንዱ መንደር ብቻውን አይገንዝም። ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ ይመጣል፤ መሐሉ ይሰፋል። ያንን ስፌት እስከ ዛሬ «ማንጠግቦሽ» ይሉታል።