የአቶ ውብሸት ግድግዳ

አንድ ቀን፣ ደሴ ውስጥ፣ አቶ ውብሸት የሚባሉ ሰው ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡ። ሰውየው የሰው ገመና ካልሰሙ ቀኑ የሚመሽላቸው አይደሉም። ጎረቤት ሲጣላ ምሳቸውን ጥለው አጥር ሥር ይቆማሉ። ታዲያ እኚህ ሰው የሙሽሮቹን ክፍል ከራሳቸው መኝታ ቤት ጋር አያይዘው በእንጨት ሊያስቀጥሉ መሆናቸውን ሙሽሪት ማስተዋል ሰማች። ድምፅ የሚያሳልፍ ግድግዳ ከሆነ እዚያ ቤት አልገባም ብላ ቁርጡን ተናገረች። እውነቷን እኮ ነው፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ጎን ማን ይተኛል? ሽማግሌ ገባና፣ አቶ ውብሸት ምንም የማያሳልፍ ግድግዳ ሊያሠሩ ቃል ገቡ።

ሥራው ለአናጢው ለጎሹ ተሰጠ። ጎሹ እንጨቱን እርስ በርስ እንዳይነካካ በሁለት ረድፍ አቁሞ፣ መሐሉን በጭድና በአሮጌ ስፖንጅ እየጠቀጠቀ ሳለ አቶ ውብሸት ጠጋ አሉት። ከእሳቸው ትራስ በኩል፣ የሰው ራስ የምታህል ቦታ ምንም ሳይጠቀጥቅባት ባዶዋን እንዲተዋት አዘዙት።

«ክፉ አስቤ አይደለም፤ አባት አይደለሁ?» አሉት።

ጎሹ ጨነቀው። እንቢ ቢል አባረውት ሌላ አናጢ ሊያመጡ ነው። እሺ ብሎ ቢሠራ ደግሞ ያቺን ምስኪን ልጅ ሊያታልል ነው፤ እሱም ሴት ልጅ ድሯልና አንጀቱ እንቢ አለው። ስለዚህ አፉ እሺ አለ። እጁ ግን እዚያች ቦታ ሲደርስ ከሌላው እጥፍ አድርጎ ጠቀጠቀና በኮምፔንሳቶ ደፈናት።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ሊያዩ መጡ። ማስተዋል፣ አጎቷ አቶ ይመርና አናጢው ጎሹም አብረው ነበሩ። አቶ ይመር ወደ ሙሽሮቹ ክፍል ገብተው ጮክ ብለው እንዲያወሩ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ከአቶ ውብሸት መኝታ ቤት ሆኖ እንዲያዳምጥ ተባለ። አቶ ውብሸት ማን ይቅደመኝ ብለው፣ ከትራሳቸው በኩል ሄደው ጆሯቸውን ለጠፉ። ምንም የለም። ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። አሁንም የለም። ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ታች ሞከሩ፤ ጭራሽ ትንፍሽ የለም። ያን ጊዜ ደማቸው ፈላ።

አቶ ይመር ገና ተመልሰው ሲገቡ፣ «ይሄ አናጢ ተጫውቶብኛል፤ ይሄ ግድግዳ አይረባም፣ ይፍረስ» አሉ አቶ ውብሸት።

ማስተዋል ፊቷ ተለዋወጠ። በቃ ሠርጉ ቀረ ብላ እንባዋ ቅርር አለ። አቶ ይመር ግን ነገሩ አልገባቸውምና ግድግዳው ምን እንደጎደለው ጠየቁ።

«ጭራሽ ምን ጎደለው ይሉኛል?» አሉ አቶ ውብሸት፣ ንዴታቸው አፋቸውን ቀድሞት። «በየት በኩል ጆሮዬን ብለጥፍ ምንም አይሰማም እኮ!»

ጎሹ ባርኔጣውን አውልቆ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሃያ ዓመት አናጢ ስሆን፣ እንዲህ እየተቆጣ ሥራዬን ያመሰገነልኝ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን እንደምንም ውጠው፣ ግድግዳውንም ሠርጉንም ለመመረቅ ተነሡ። አቶ ውብሸትም የግዳቸውን አሜን አሉ።