የእሜት አህዪት እርሾና የአያ ጅቦ ጋማ

አንድ ጊዜ፣ ዳቦ ገና በሽታው ብቻ በሚያጠግብበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ ዋርካ ሥር በሚባል የአራዊት መንደር እሜት አህዪት የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። የእሷ ዳቦ ሲበስል ሽታው ሰባት ተራራ ይሻገራል፤ ስምንተኛው ተራራ ላይ ያሉት «ምነው እኛን ረሳን?» ብለው ይቀየማሉ። የታመመ ይነሳል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። አንድ ሽማግሌ ኤሊማ ሽታውን ተከትሎ ሲሮጥ ጥንቸልን ቀድሞ ደርሷል። ምስክሯ ራሷ ጥንቸል ናት፤ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲጠይቋት ጆሮዋን ትደፋለች።

«አህያ በሰኮናዋ እንዴት ታቦካለች?» የሚል ብልጥ ካለ፣ እሱ በጣቶቹ አቡክቶ የእሷን ያህል ኩፍ ያለ ሊጥ ያምጣና ያኔ ይከራከር።

ሙያውን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ስትሞት መሬት አልተወችላትም፣ ጌጥ አልተወችላትም። የተወችላት አንድ ቡሃቃና በቡሃቃው ውስጥ አንድ ጭብጥ እርሾ ነው። እርሾውን እናቷም ከእናቷ ተቀብላዋለች፤ ያቺኛዋም ከእናቷ። ሊጥ በተቦካ ቁጥር፣ ወደ እሳት ሳይሄድ፣ ከላዩ አንድ ጭብጥ ይቆረስና ወደ ቡሃቃው ይመለሳል። ያ ቁራሽ የሚቀጥለውን ሊጥ ያስነሳል። የሚቀጥለውም የሚቀጥለውን። ስለዚህ የመንደሩ የዛሬ ዳቦ ከቅድመ አያት ዳቦ ጋር ሥጋ ዘመድ ነበር ማለት ነው።

«ልጄ፣» ትል ነበር እናቷ ዱቄት በጠገበ ከንፈሯ፣ «ዳቦ ሲበሉት ያልቃል። እርሾ ግን ሲሰስቱበት ነው የሚያልቅ። እሳትና እርሾ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል፤ ‹የለኝም› አይባልም።»

እሜት አህዪት ዱቄት በነፋች ቁጥር ያ ዘመን ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። እሷ ውርንጭላ ሆና ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። አጠገቧ ትንሹ ጅብ ተቀምጧል፤ እናቱ ሩቅ አገር አደን ስትወርድ እዚያ ነበር ትታው የምትሄደው። የአህዪት እናት ዳቦውን ከእሳት ታወጣና ጀርባውን በሰኮናዋ ትመታዋለች። ድው ካለ በስሏል። ከዚያ የመጀመሪያው ጠርዝ ለሁለቱ ሕፃናት ይቆረሳል። አህዪት እፍ እፍ ትላለች። ጅቡ ግን እፍ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንዳለ ይውጠዋል፣ ምላሱ ይቃጠላል፣ «ዋይ! ዋይ!» እያለ ቤቱን ሦስቴ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣና «እማማ፣ ድገሚኝ!» ይላል።

እናቷ ከሳቋ ብዛት ዱቄቱን ትደፋው ነበር።

ጅቡ አደገና አያ ጅቦ ሆነ። ካደገ ወዲህ አህዪትን ሲያያት የሚታየው ያ ዳቦ አይደለም፤ ታፋዋ ነው። ታዲያ ለምን አልበላትም ቢባል፣ በዳቦ ምክንያት ነው። የመንደሩ ሕግ እንዲህ ይላል፦ በዓመት አንድ ቀን፣ አዲሱ ስንዴ ሲገባ፣ እሜት አህዪት አንድ ትልቅ ድፎ ትጋግራለች፤ ንጉሡ አንበሳ ዋርካው ሥር ይቆርሰዋል፤ ከአንድ ዳቦ የተቋደሰ እስከ ከርሞ ዳቦ ድረስ አይበላላም። ዳቦው ሳይቆረስ ፀሐይ ከገባች ግን ሁሉም ለጥርሱ ነው።

ይህን ሕግ እንደ ቀበሪት የሚጠላው አልነበረም። ቀበሪት ዓመቱን ሙሉ የጅግራ ሰፈር ውስጥ እየተመላለሰች «እንዴት አደራችሁ» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለችም። እንዲህ ያለ ሰላምታ ሆድ ይጎዳል። ስለዚህ በዳቦው ቀን ማለዳ አያ ጅቦን ጉድጓዱ ድረስ ሄዳ ቀሰቀሰችው።

«አያ ጅቦ፣ አህያ አምሮሃል?»

«ያላማረኝ ቀን አለ እንዴ?» አለ አያ ጅቦ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እንግዲያው ስማኝ። እርሾ የለመነ አይከለከልም። ሂድና እርሾ ስጪኝ በላት። ዞር ስትልልህ ቡሃቃውን ይዘህ ውጣና ወንዝ ጣለው። እርሾ ከሌለ ሊጥ የለም፣ ሊጥ ከሌለ ዳቦ የለም፣ ዳቦ ከሌለ...»

«ቁርስ የለም!»

«አንተ ቂል! ሕግ የለም ነው የምልህ! ማታ አህያዋ ያንተ፣ ጅግሮቹ የኔ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ተነሳ። መንገዱን ሙሉ እንዳይረሳው «ዞር ስትል፣ ወንዝ፤ ዞር ስትል፣ ወንዝ» እያለ ሄደ።

እሜት አህዪት ደጃፏ ላይ ዱቄት ትነፋ ነበር። ድንብላሉ ተወቅጧል፣ ጥቁር አዝሙዱ ተለቅሟል፣ የኮባ ቅጠሉ ታጥቧል። የቀረው እርሾውን በውኃ በጥብጦ ማቡካት ብቻ ነው።

«እሜት አህዪት፣ አለሽ ወይ?»

«ማነው? አያ ጅቦ? በማለዳው ምን እግር ጣለህ?»

«እርሾ ፈልጌ።»

ወንፊቱ ከሰኮናዋ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «አንተ? እርሾ? ልትጋግር?»

«ምነው? ጅብ እጁን ቢያሟሽ ነውር ነው?»

ልቧ አላመነውም። ግን የእናቷ ቃል አለ፤ እርሾ የለኝም አይባልም። «ቡሃቃው ያውልህ፣ ማዕዘኑ ጋ። ቁንጣሪ ትበቃሃለች። ቆይ፣ የምትይዝበት የኮባ ቅጠል ላምጣልህ» ብላ ወደ ጓሮ ዞረች።

አያ ጅቦ የቡሃቃውን ክዳን አነሳ። ወዲያው ያ ሽታ፣ ኮምጠጥ ጣፈጥ ያለው፣ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ወንዙ ከነድልድዩ ከጭንቅላቱ ጠፋ። ምድጃው ዳር ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጠርዝ ሲጠብቅ ታየው፤ ሆዱ ደግሞ ትዝታን ከምግብ አይለይም። ጭንቅላቱን እስከ አንገቱ ቡሃቃው ውስጥ ከተተ። ዋጠው። ቡሃቃውን ላሰው። ላሰውና እንደገና ላሰው፤ ውኃ ካጠበው ይልቅ ጠራ፣ ፊት የሚያሳይ ሆነ። ደግሞ ከዚያው ከደጃፉ ላይ አንድ እንስራ ውኃ ጠጣበትና እየተንገዳገደ ወጣ።

እሜት አህዪት ቅጠሉን ይዛ ስትመለስ ባዶውን ቡሃቃ አየች። ቡሃቃውን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስለ ታፋዋ አይደለም መጀመሪያ ያሰበችው። እናቷ ዛሬ ዳግመኛ የሞተች መሰላት።

ከዚያ ተነሥታ ቤት ለቤት ዞረች። በየቤቱ እርሾ ያልሰጠችው የለማ!

«ጦጢት፣ አምና የሰጠሁሽ እርሾ አለ?»

«ውይ እሜት አህዪት! ሁሉንም ጋገርኩት። ያንቺ እያለ ምን ብዬ ላስቀምጥ?»

ከርከሮም «ያንቺ እያለ» አለ። ጃርትም «ያንቺ እያለ» አለ። መንደሩ በሙሉ በአንዲት ቡሃቃ ተማምኖ የየራሱን ቡሃቃ አጥቦ የእህል ማስቀመጫ አድርጎታል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አራዊቱ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ግን አልመጣም፤ የመጣው ሆዱ ነው፣ እሱ ከኋላ ተከትሎት ደረሰ። እርሾው ከውኃውና ከፀሐዩ ጋር ሆዱ ውስጥ ሥራውን ጀምሯል። ኩፍ አለ። አሁንም ኩፍ አለ። ጋደም ሲል ሁለት አሞራዎች ኮረብታ መስሏቸው አረፉበት።

«ዳቦው የታለ?» አለ ንጉሡ አንበሳ።

ቀበሪት ቀድማ ዘላ ቆመች። «ጌታዬ ሆይ፣ ዳቦ የለም። ዳቦ ከሌለ ደግሞ ሕጉን እርስዎ ያውቁታል።»

ጅግሮቹ ተጠጋጉ። አንበሳ አህዪትን አያት፣ ጎፈሩን አከከ። «እሜት አህዪት፣ የአያቴን ሕግ እኔ አላፈርሰውም። ፀሐይዋ ዋርካው ጀርባ እስክትገባ ጊዜ አለሽ። ከገባች ግን...»

አህዪት አንገቷን ደፍታ ሳለ ዓይኗ የአያ ጅቦ ጋማ ላይ አረፈ። ጋማው ነጭ ነው። አያ ጅቦ አልሸበተም፤ የደረቀ ሊጥ ነው! ጭንቅላቱን ሲከት ጋማው ሁሉ ተለስኖ ቀርቷል። ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ አንገትህን ስጠኝ።»

«ጉድ ፈላ! አህያ የጅብ አንገት ጠየቀች!»

«እንዳትንቀሳቀስ ብቻ።»

ጋማውን በውኃው እየነከረች፣ ፀጉር በፀጉር እያሸች አጠበችው። የራሷ ጉሮሮ ከጥርሱ አንድ ጣት አይርቅም። ቀበሪት ከኋላ ሆና በሹክሹክታ «ያዛት! ጉሮሮዋ እኮ አፍህ ላይ ነው!» አለች።

አያ ጅቦ ጥርሱን ነክሶ «አፌን ከከፈትኩ ሊጡ ይወጣል» አለ።

ውኃው ነጭ ሆነ። አህዪት በወንፊት አጥልላ ፀጉሩን አወጣች፣ ዱቄቱን ጨመረች፣ አቦካች። ገፋች፣ አጠፈች፣ ገለበጠች፣ እንደገና ገፋች፤ እናቷ እንዳሳየቻት፣ ሊጡ ከገበቴው እስኪላቀቅና እንደ ሕፃን ጉንጭ እስኪለሰልስ። ቡሃቃው ውስጥ አድርጋ ከደነችው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።

ሊጡ ግን እንደ ተቀየመ ልጅ ዝም አለ። ከተራራው ቀዝቃዛ ነፋስ መጥቷል፤ ሊጥ ደግሞ ሲበርደው አይነሳም። እናቷ በብርድ ቀን ቡሃቃውን በጉያዋ ታቅፈው እንደነበር ትዝ አላት። የእሷ ጎን ግን በሸክም የከሳ ነው፤ ምን ሙቀት አለውና? ሰኮናዋን የአያ ጅቦ ሆድ ላይ አሳረፈች። ምድጃ ነው! ሆዱ ውስጥ ያለው እርሾ እንደ ጋለ ምጣድ አድርጎታል።

«አያ ጅቦ፣ እቀፈው።»

ቡሃቃውን ታፋውና ሆዱ መካከል አስቀመጠችለት። አቀፈው። ቀበሪት ጆሮው ሥር ተወሸቀች።

«ግፋው! ድፋው! ፀሐይዋ እኮ ልትገባ ነው፣ አህያዋ ያንተ ልትሆን ነው!»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ወደ ክዳኑ አስጠጋ። ከክዳኑ ሥር ያ ሽታ መውጣት ጀምሯል። ዓይኑ ራቅ ብሎ ሄደ፤ ምድጃው ዳር ደረሰ።

«አያ ጅቦ! ትሰማኛለህ?»

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ሊጡ ይደነግጣል።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«አህያዋን ብበላት ማታ ትጣፍጣለች። ነገስ? ነገ ማን ይጋግርልኛል? አንቺ?» ቀበሪትን ከእግሯ እስከ ጆሮዋ አያትና «አንቺማ ውኃ ታሳርሪያለሽ» አለ።

ክዳኑ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኩፍ አለ! አህዪት በሰኮናዋ ጫፍ ጫን አደረገችው፤ ሊጡ ተመልሶ ሞላ። ወደ እሳት ሳትወስደው ከላዩ ቆረሰች። የዛሬው ቁራሽ ግን አንድ አልነበረም። ለጦጢት አንድ፣ ለከርከሮ አንድ፣ ለጃርት አንድ፣ ለየቤቱ በኮባ ቅጠል ጠቀለለች። «ሁለተኛ ‹ያንቺ እያለ› የሚል እንዳልሰማ!» አለች፤ ድምፅዋ የእናቷን ድምፅ ይመስል ነበር።

ቀሪው በኮባ ተጠቅልሎ ምጣዱ ላይ ወጣ፤ ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት። ፀሐይዋ ዋርካው ጫፍ ላይ ደረሰች። ቀበሪት «ገባች! ፀሐይ ገባች!» ብላ ጮኸች። በዚያው ቅጽበት ሽታው ተነሣ። የሚያወሩት ውሸት ካልሆነ፣ ፀሐይዋ ራሷ ሽታው ይዟት ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ በአፍንጫዋ እያሸተተች መሄድ አቃታት። አንበሳም ቀና ብሎ አያትና «አልገባችም፤ ዳቦ እየጠበቀች ነው» አለ።

አህዪት ድፎውን አወጣች። ጀርባውን መታችው። ድው! አንበሳ ቆረሰ፣ ሁሉም ተቋደሰ። ያኔ ፀሐይዋ ገባች። ቀበሪትም ድርሻዋን እያለቀሰች በላች፤ ዳቦው ጣፍጧት ይሁን ጅግሮቹ ትዝ ብለዋት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የመጀመሪያውን ጠርዝ ግን አህዪት ለብቻው አስቀምጣው ነበር። ሆዱ ጎደል ሲልለት ለአያ ጅቦ ሰጠችው።

«እፍ በልበት» አለችው።

አያ ጅቦ እፍ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም። እንዳለ ዋጠው። «ዋይ! ዋይ!» እያለ ዋርካውን ሦስቴ ዞረ፤ ምላሱን አውጥቶ ተመልሶ መጣና፣ እንደዚያ እንደ ሕፃንነቱ፣ ፊቷ ቁጭ አለ።

«ድገሚኝ!»

እሜት አህዪት ከሳቋ ብዛት የቀረውን ዱቄት ደፋችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጎረቤት ሳይሰስቱ የሰጡት እርሾ፣ ጎረቤቱ ጅብ እንኳ ቢሆን፣ በክፉ ቀን ከጋማው ላይ ታጥቦም ቢሆን እንደሚመለስ ነው።