የታችኛው መሬት ዕጣ

አንድ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም ንጋቱ። «መንግሥት መርዛማ ቆሻሻህን አክመህ ቅበር ይለኛል፤ ለሚቀበር ነገር ምን ሕክምና ያስፈልገዋል? መሬት አይደል የሚውጠው?» ነው ያልከኝ። ብረት በኒኬል የምትለብጥበትን ቤት ከከፈትክ ወዲህ በዚህ ነገር ስትብሰለሰል ከርመሃል። እንግዲህ አርፈህ ስማ።

ይህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ፣ ለጎረቤት ደግ፣ ከሰው ለቅሶ የማይቀር ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ባልነገርኩህ፤ ከክፉ ሰው ጋር ራስህን አታስተያይማ። ቆዳውን የሚያለፋበት ኬሚካል ብርቱ ነው። ቆዳው ሲወጣ ገንዳው ውስጥ አረንጓዴ አተላ ይቀራል፤ አተላው መርዝ ነው። በዚያ አገር ሕግ ወጣ። አተላውን እንዲሁ እንዳለ መቅበር ክልክል ነው ተባለ። መጀመሪያ ኖራ ይጨመርበታል፤ መርዙ ከውሃው ተለይቶ እስኪዘቅጥ ይጠበቃል፤ ዝቃጩ ይደርቃል፤ ዝናብ ቢያገኘው መርዙ ተመልሶ እንደማይሟሟ ይመረመራል። ከዚያ በኋላ ነው ለዚሁ በተከለለ ቦታ የሚቀበረው።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ተበሳጨ። አተላው እስኪዘቅጥ ገንዳው ተይዞ ሊቆይ ነው፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ቆዳ ቆዳ እያሉ በር ላይ ቆመዋል። ሕጉን ሊያስረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ ሐሳቡን ያወቀበት ይመስል፣ «ጋሼ፣ ውሃ መጨመር ማከም አይደለም» አለው። «ውሃ ሲበዛበት መርዙ ይሳሳል እንጂ አይጠፋም። ብዙ ቦታ ያዳርሳል፣ በቃ።»

«እንዴታ፣ ይገባኛል» አለ ሰውየው።

እውነቱን ነው፣ ገብቶታል። የተባለውን ግን አላደረገም። ከወንዙ ቦይ ቀደደና ውሃውን ገንዳው ውስጥ ለቀቀው፤ ጠላዋ እንዳያልቅባት ውሃ እንደምታበዛ ሻጭ ማለት ነው። አረንጓዴው ቀለም እየነጣ ሄዶ ጠፋ። ለምርመራ የተቀዳው ጠርሙስም ደህና ነው ተባለ። ሰውየው ታችኛው መሬቱ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ያን ሁሉ ውሃ እዚያ ደፋው፤ በየጊዜው እንዲሁ እያደረገ ቆየና በመጨረሻ አፈር አለበሰው። ሣር በቀለበት። ሣር ሲበቅል ደግሞ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው አረጀ፣ ገንዳውንም አፈራርሶ ጣለ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት፤ ሁለቱም ጎጆ ወጥተው መሬት ያስፈልጋቸው ጀመር። በዚያ አገር አባት በቁሙ ሲያካፍል «ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት» አይልም፤ ቂም እንዳይገባ ዕጣ ይጣላል። ሽማግሌዎች መሬቱን ይከፍሉታል። ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ ምልክት ይሰጣሉ፤ ጠጠርም ይሁን ስንጥር። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና ምልክቶቹን በየመሬቱ ላይ ያስቀምጣል። ምልክትህ ያረፈበት መሬት ያንተ ነው። ማጉረምረም ነውር ነው።

ሽማግሌዎቹ መጥተው መሬቱን ላይኛውና ታችኛው ብለው ለሁለት ሲከፍሉት፣ ሰውየው ያን ጊዜ ደነገጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ጉድጓድ የእሱ ብቻ ሆኖ የሚቀር መስሎት ነበር።

«ታችኛውን ለመጦሪያዬ ተዉልኝ፤ ልጆቹ ላይኛውን ይካፈሉ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። ታችኛው ለጥ ያለ፣ ውሃ የቀረበው መሬት ነው፤ ላይኛው ጭንጫ ነው። «አንተ ሰው፣ በስተርጅና ስስት ጀመረህ እንዴ?» አለው አንደኛው። «ልጆችህን ድንጋይ ልታበላ ነው?»

ሰውየው አፍሮ ልመናውን ተወ። እንግዲያው ለወንዱ ይድረስ፣ እሱ ጠንካራ ነው ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ተጸየፈው። ወንዱስ የማን ልጅ ነው?

በሬ እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርድ መንገደኛ ተጠራ። ምልክቶቹን ተቀብሎ አስቀመጠ፤ የሴት ልጁ ስንጥር ታችኛው መሬት ላይ አረፈ። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድሟ እንዳይከፋው ብላ ደስታዋን አላወጣችም፤ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። «አባዬ፣ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍርበታለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ጎመን እተክላለሁ። አንተም እኔ ዘንድ ትሆናለህ።»

ሰውየው እጇን ያዘ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሣሩ ለምለም ነው፣ ጠርሙሱ ደህና ነው ተብሏል፣ ዕጣውን የጣለው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ውሃ ልትጠጣ ነው፤ በሆዷ ያለውም እንደዚያው።

«አይሆንም» አለ። «እዚያ መርዝ አለ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ውሃ እንዳበዛበት፣ ተቆጣጣሪውን እንዳታለለ፣ አንድም ሳያስቀር በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ። እየተናገረም አለቀሰ። ቅድም የሳቁት ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ልጅቱ፣ «ያኔ ማዳን ይቻል ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ይቻል ነበር። ሁሉም ገንዳ ውስጥ ነበር። ኖራ ጨምሮ መጠበቅ ብቻ ነበር።»

«አሁንስ?»

ለዚያ ሁሉ ውሃ አሸክሞ የሰደደው መርዝ ከአፈሩ በታች የት ድረስ እንደሄደ እሱም አያውቅም። በአካፋ ይዛቅ ቢባል ከየት ተጀምሮ የት ይቆማል? ታችኛው መሬት ታጠረ፤ ከብት እንኳ እንዳይገባበት ተከለከለ። እህትና ወንድም ጭንጫውን ለሁለት ተካፈሉት፣ ሁለቱንም ጠበባቸው። ሰውየው ከልጁ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ያንን አጥር እያየ ዕድሜውን ጨረሰ፤ ልጁ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፣ እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነበር።

አንተን ነው የምልህ ንጋቱ። ገንዳው ያንተ በርሜል ነው። መሬት ይውጠዋል አልከኝ፤ አዎ ይውጠዋል፤ ግን አያበርደውም፣ የዋጠውንም ለማን እንደሚያደርስ አይነግርህም። ሕጉ አስቀድመህ አክም የሚልህ ሊያስቸግርህ አይደለም፤ መርዙ ገና እጅህ ላይ ስለሆነ፣ ምን እንደሆነም የምታውቀው አንተ ስለሆንክ ነው። በርሜሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ባለቤቱ አንተ ነህ። ሳታክም ከቀበርከው በኋላ ባለቤቱ ያ መሬት የሚደርሰው ሰው ነው። አንተስ «ለምን አክማለሁ?» ብለህ እኔ ዘንድ መጣህ። እሱ «ለምን አላከማችሁልኝም?» ብሎ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን፣ አንተም እኔም አንኖርም።