የአንዳርጌ ማምለጫ

በጥቁር ውሃ መሻገሪያ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጎን፣ ወደ ማንም ቤት የማታደርስ ቀጭን መንገድ አለች። ሆኖም ክረምት በወጣ ቁጥር የወንዙ የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰዎች ማጭድ ይዘው ወርደው አብረው ይመነጥሯታል። ስሟም የአንዳርጌ ማምለጫ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ድሮ ውሃው የሁለት ሕግ ወሰን ነበር። በደጋው በኩል፣ መሸሻ እያለው የገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው። በቆላው በኩል ግን በአባቱ መሬት ቆሞ የመጣበትን የገደለ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የሸሸው ነው፣ ያውም በሚያዋርድ ዘፈን።

አንዳርጌ የቆላ ልጅ ሆኖ ደጋ አግብቶ የገባ ሰው ነበር። የሚስቱ የብርነሽ የአጎት ልጅ፣ ቢያዝን የሚባለው፣ «መጤ መሬታችንን ሊያርስ!» እያለ ሲዝትበት ከርሞ፣ አንድ ቀን ጦር ይዞ መጣበት። አንዳርጌም ጦር ይዞ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን የደጋውን ሕግ ያውቃልና ፊቱን ሳያዞር የኋሊት እየተራመደ ወንዙን ተሻገረ። እግሩ የአባቱን አፈር ሲረግጥ የቆላ ዘመዶቹ ከማሳቸው ሆነው «አሁን ነው! በለው!» ብለው ጮኹ። እሱ ግን ጀርባው ድንጋዩን እስኪነካ አፈገፈገ።

«ቢያዝን፣ ተመለስ። እዚህ ብገድልህ የሚጠይቀኝ የለም» አለው።

«ሸሽተህ ሸሽተህ ደግሞ ታስፈራራኛለህ?» ብሎ ቢያዝን ጦሩን ሰበቀ። አንዳርጌ ቀደመው፤ ቢያዝንም እዚያው ወድቆ ቀረ።

ቆላ ፎከረለት። የደጋ ሽማግሌዎችም ነገሩ ከወንዙ ማዶ የሆነ ነውና ደም አልጠየቁም። ብርነሽ ግን ከልቅሶው ተነስታ ወደ ባሏ ወረደች።

«አንድ ነገር ንገረኝ። የሸሸኸው ልትድን ነው ወይስ መግደል ወደሚፈቀድበት ልታደርሰው?»



ከዚያ ወዲህ አንዳርጌ እረፍት አልነበረውም። ይተኛና ይባንናል፤ እህል ቀርቦለት ሳይቀምስ ይነሳል። ወደ መሻገሪያው እየወረደም ከውሃው እስከ ድንጋዩ ብቻውን የኋሊት ይራመዳል። በመጨረሻ ከድንጋዩ ጎን ቁጥቋጦውን ሲገልጥ፣ ሰው የምታሳልፍ ክፍተት አገኘ። ቢያዝን በወደቀባት ቀን ነበረች ወይስ ኋላ ተከፈተች፣ ማንም አላወቀም። እሱ ግን ማጭዱን አንስቶ ሲመነጥር ዋለ፤ እስኪሞትም በየዓመቱ መነጠረ። ብርነሽም አንድ ዓመት ማጭድ ይዛ መጥታ፣ ከጎኑ አጎነበሰች ይባላል።

በሕጉ ነገር ሁለቱ ማዶዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ክረምት ሲወጣ ግን ሁሉም ይወርዳል። እንግዳ «መንገዷ የት ታደርሳለችና ትደክማላችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «የሚሸሽ ሰው መቼ እንደሚመጣ ምን ይታወቃል?» ይሉታል።